«ፍሪሲዮን ብቻ ይፈልጋል» የተባለ ስፖርት መኪና ስንት ያወጣል?

በአሜሪካ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ዋጋን ባንድ ጊዜ ከሚጥሉ አባባሎች አንዱ «መኪናው ደህና ነው፤ ፍሪሲዮን ብቻ ይፈልጋል» የሚለው ነው። ሻጩ ይህን ሲል ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ላይ ላዩን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ማርሽ አልገባም ይላል፤ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም። ከዚህ ያለፈ ምርመራ አላደረገም። ገዥው በበኩሉ ይህን እንደሰማ ካምቢዮ ሲወርድ፣ ሸራ ሲቀየር፣ የጋራዥ ሒሳብ ሲደመር ይታየዋል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቆርጣል።

ይሁን እንጂ ከዚያው ምልክት ጀርባ በዋጋ ፈጽሞ የማይቀራረቡ ሁለት ዓይነት ብልሽቶች አሉ። አንደኛው ከካምቢዮው ውጪ፣ ፍሪሲዮኑን በዘይት ግፊት በሚያንቀሳቅሰው መስመር ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ ለብዙ የተለመዱ መኪናዎች መለዋወጫው ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ሁለተኛው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የተደበቀ ነው። እሱ የእጅ ዋጋ ሲጨመርበት 1000 ዶላርን በቀላሉ ያልፋል። ገበያው ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ዋጋ ይሸጣቸዋል።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባን ነጋዴና ደላላ ምን ያገባዋል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ ይታወሳል። ስለዚህ ባለ ሁለት መቀመጫ የጃፓን ስፖርት መኪና አስመጥቶ ማትረፍ የሚታሰብ አይደለም። ነገር ግን በአሜሪካ በመኪና ንግድ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስ ወገን አለ። ከዚህም ሌላ የምንነጋገርበት የዘይት መስመር በመርካቶ ከሚጭነው ሃይሉክስ ፒካፕ ላይ ካለው በአሠራር አይለይም። የስፖርት መኪናው ለየት የሚለው ዋጋው በወሬ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5ን ነው። አሜሪካኖቹ ሚያታ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ አውቶ ሾው ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ በ2016 የምርቱ ቁጥር 1 ሚሊዮን ደርሷል። በሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪናዎች ዘንድ ይህን ያህል የተሸጠ የለም። እስከ 1997 የተመረተው የመጀመሪያው ትውልድ ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ እየሆነ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ችግሮች አንዱ ደግሞ የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ማፍሰስ ነው።

ወደ አሠራሩ እንለፍ። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘ ዘንግ የላይኛውን ፖምፓ ፒስቶን ይገፋል። ይህ ፖምፓ የሚገኘው ሞተሩንና የሹፌሩን ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከፍሬኑ ፖምፓ አጠገብ ነው። የተገፋው ዘይት በቀጭን የብረት ቱቦ፣ ቀጥሎም በአጭር የጎማ ቱቦ አልፎ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይደርሳል። የታችኛው ፖምፓ በኤም ኤክስ 5 ላይ ከካምቢዮው ቀኝ ጎን በውጭ በኩል በሁለት ብሎን ታስሯል። የእሱ ፒስቶን በተራው ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ደግሞ የሞላውን ጣቶች ይገፋል። ያኔ ሸራውን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ የያዘው ሳህን ይለቀዋል፤ ሞተርና ካምቢዮ ይለያያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሌት ብንሠራ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የላይኛው ፒስቶን ዲያሜትር 16 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የስፋታቸው ጥምርታ 1.4 ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ጉልበቱ በ1.4 እጥፍ ሲያድግ የታችኛው ፒስቶን የሚሄደው ርቀት በዚያው መጠን ያንሳል ማለት ነው። በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ታችኛው ፖምፓ በሙሉ እርግጫ የሚሄደው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ነው። ስለዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከጠፋች ሸራው ሙሉ በሙሉ ከቮላኖው አይላቀቅም። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። በመስመሩ ውስጥ የገባች የአየር አረፋ የሹፌሩን እርግጫ ራሷ ትበላዋለች፤ ታች የሚደርሰው ትራፊው ነው።

አየሩ የሚገባው፣ ዘይቱም የሚወጣው በአንድ በር ነው። በሁለቱ ፖምፓዎች ውስጥ ፒስቶኑን የከበበች ጎሚኒ አለች። የፍሬን ዘይት፣ ማለትም ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው፣ ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከመፍላቱም በላይ ያ እርጥበት የፖምፓውን የውስጥ ግድግዳ ያዝገዋል፤ ይቦረቡረዋል። የተቦረቦረ ግድግዳ ጎሚኒዋን እንደ ሞረድ ይበላታል። ስፖርት መኪና ደግሞ በባሕርዩ የሚቆም መኪና ነው። ባለቤቱ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ይነዳዋል፤ ክረምቱን ሸፍኖ ያቆመዋል። የፍሬን ዘይቱን የሚያስቀይር አለ፤ የፍሪሲዮኑን ዘይት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አነስተኛ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ሁሉ ጤነኛ ነው የሚለው የደላላ አነጋገር በዚህ ክፍል ላይ አይሠራም።

ምርመራው ከፔዳሉ ይጀምራል

በመጀመሪያ መለየት የሚገባው ፍሪሲዮኑ «አልላቀቅም» ይላል ወይስ «ይንሸራተታል» የሚለውን ነው። ሞተሩ ሲጮህ መኪናው ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ፣ በተለይም ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ ይህ ከታየ፣ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። የዚህ መፍትሔው ካምቢዮ ማውረድ ነው፤ ክርክር የለውም። ሞተር ተነስቶ ሳለ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚፈጭ፣ አንደኛ ማርሽም እንቢ የሚል ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ አልላቀቅም ብሏል። ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን በሙሉ ይሞክሩ። ሞተር ሲጠፋ ሁሉም ያለ ችግር ከገቡ የካምቢዮው ማስገቢያ ጤነኛ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ዘይት መስመሩ ያጋድላል።

ቀጥሎ የሞተሩን ክዳን ከፍተው የዘይት ዕቃውን ይመልከቱ። በኤም ኤክስ 5 ላይ የፍሪሲዮኑ ዘይት ከፍሬኑ የተለየ የራሱ ትንሽ ዕቃ አለው። በአንዳንድ መኪናዎች ግን ሁለቱ ይጋራሉ፤ ስለዚህ የፍሪሲዮን ፍሳሽ የፍሬንም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ጎድሎ ከሆነ ዘይቱ የሆነ ቦታ ሄዷል። ቡና መስሎ ከጠቆረ ደግሞ ጎሚኒዎቹ እየተበሉ ወይም ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ዘይቱ የሄደበትን ቦታ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከፔዳሉ በላይ እጅ ሰድደው ዘንጉ ከግድግዳው የሚወጣበትን ቦታ ይዳስሱ፤ ምንጣፉንም ያንሱ። እርጥብ ከሆነ የላይኛው ፖምፓ የኋላ ጎሚኒ አልቃለች። ከዚያም መኪናውን በክሪክ አንስተው፣ በብረት መደገፊያ አስደግፈው ከሥር ይግቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ግን ሕይወትን ማስያዝ ነው። የታችኛውን ፖምፓ የላስቲክ ቆብ ጠርዝ በጣት ገለጥ ያድርጉት። ዘይት ከወረደ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ጎሚኒዋ አሳልፋለች።

አንዳንዴ ግን የትም ቦታ ጠብታ የለም፤ ዕቃውም ሙሉ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ግን አይሠራም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊት ማንም በሌለበት፣ ፍሬኑን በሚገባ ረግጠው ሞተር ያስነሱ። ፍሪሲዮኑን ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይርገጡና በመጨረሻው እርግጫ እግርዎን ሳያነሱ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ። ከገባ ፔዳሉን እንደረገጡ ይጠብቁ። ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ መኪናው ፍሬኑን እየታገለ ወደ ፊት መሳብ ከጀመረ፣ የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን ከውስጥ ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ከውጭ የሚታይ ፍሳሽ የማይኖረው ለዚህ ነው። ደጋግሞ መርገጥ ፔዳሉን የሚያጠነክረው ከሆነና ሲያዝም ግፊቱ የማይወርድ ከሆነ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። አየሩ ከየት ገባ የሚለው ጥያቄ ግን አይቀርም፤ ዘይቱ ተጠብቆ ሳለ አየር እንዲሁ አይገባምና።

ረዳት ካለዎት ወሳኙን ምርመራ ያድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ እሱ ፔዳሉን ሲረግጥ እርስዎ ከሥር ሆነው የታችኛውን ፖምፓ ዘንግና ሹካውን ይመልከቱ። የጎማ ቱቦውንም በእጅ ይያዙት፤ ሲረገጥ የሚነፋ ከሆነ እርግጫውን የሚበላው እሱ ነው። ሹካው ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሶ ከቆመ ችግሩ በዘይት መስመሩ ወይም በራሱ በፔዳሉ ማስተካከያ ላይ ነው። ነገር ግን ሹካው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ በደንብ ተጉዞ ፍሪሲዮኑ አሁንም አልላቀቅም ካለ፣ መጥፎው ዜና ደርሷል። የሞላው ጣት ተሰብሯል፣ የሸራው ማዕከል ተበላሽቷል፣ ወይም ለወራት የቆመ መኪና ከሆነ ሸራው ከቮላኖው ጋር በዝገት ተጣብቋል። ይህን ከውጭ መጠገን አይቻልም።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። መሣሪያውም ክሪክ፣ መደገፊያና የእጅ ባትሪ ነው።

የአንድ ሰዓት ምርመራ በገንዘብ ሲተመን

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ምሳሌው ያደረገው ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዥው ካላወቀ፣ ገዥው ሁሉንም መኪና እንደ መጥፎ ቆጥሮ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩዎቹም ከገበያ ይወጣሉ። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የተካፈለው በዚሁ ዘርፍ ሥራው ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ለየት ይላል፤ እዚህ ሻጩም አያውቅም። ሁለቱም በጨለማ ነው የሚደራደሩት።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የቀረቡ መሆናቸው ይታወቅልንና፣ ጤነኛው መኪና 7000 ዶላር ያወጣል እንበል። «ፍሪሲዮን ይፈልጋል» ተብሎ 5200 ተጠየቀበት። ቅናሹ 1800 ነው። ብልሽቱ የዘይት መስመሩ ከሆነ ሁለቱንም ፖምፓና ቱቦውን አስቀይሮ ለጋራዥ ከፍሎ 400 ዶላር ይበቃል። ካምቢዮ የሚወርድ ከሆነ 1400 ይሂድ። ዕድሉ እኩል ነው ብሎ የሚገዛ ሰው አማካይ ወጪው 900፣ አማካይ ትርፉም 900 ነው። መርምሮ የሚገዛው ግን የዘይት መስመሩ መሆኑን ካረጋገጠ 1400 ዶላር ትርፍ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ውስጣዊ ብልሽት ከሆነ ደግሞ የሚተርፈው 400 ብቻ ስለሆነ ወይ ተጨማሪ ቅናሽ ይጠይቃል፣ ወይ ይተወዋል።

ስሌቱ ለሻጩም ይሠራል፤ እንዲያውም ለእሱ ይበልጣል። 400 ዶላር አውጥቶ 1800 የሚያስመልስ ሌላ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። ደላላውም ቢሆን ኮሚሽኑ ከዋጋው ጋር የሚያድግ እስከሆነ ድረስ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት የላስቲኩን ቆብ ገልጦ ማየት ይጠቅመዋል።

ጥገናው

በኤም ኤክስ 5 ላይ የታችኛውን ፖምፓ መቀየር በጋራዥ ቋንቋ የቀላል ሥራ ምድብ ነው። የጎማ ቱቦው ይፈታል፤ ሁለቱ ብሎኖች ይወጣሉ፤ አዲሱ ይገባል። ፖምፓው ወጥቶ ሳለ ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቱቦው ካልተፈታ ፒስቶኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ጎሚኒዋን ብቻ መቀየር ይቻላል የሚሉ አሉ። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ እውነት ነው። የተቦረቦረ ከሆነ ግን አዲሷ ጎሚኒም ብዙ አትቆይም፤ የአዲስ ፖምፓ ዋጋ ይህን ያህል ዝቅተኛ በሆነበት ገበያ ቁጠባው ከንቱ ነው።

ልምድ ያላቸው መካኒኮች ሁለቱንም ፖምፓ በአንድ ጊዜ መቀየርን ይመክራሉ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ ይሠሩበት የነበረው ዘይትም አንድ ነው። ይህ ጸሐፊም ይስማማል፤ ምክንያቱ ግን የወጪ ነው። መስመሩ አንዴ ከተከፈተና አየር የማስወጣቱ ድካም ካልቀረ የሁለተኛው ፖምፓ ተጨማሪ ዋጋ ትንሽ ነው። ያረጀ የጎማ ቱቦም ካለ አብሮ ይሂድ።

ብዙ ጥገና የሚበላሸው አየር በማስወጣቱ ላይ ነው። ዕቃው በአዲስ ዘይት ይሞላል። በታችኛው ፖምፓ የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይሰካና ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ብሎኑ ይላላል፤ አረፋ የቀላቀለ ዘይት ይወጣል፤ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ በራሱ ስለማይመለስ በእጅ ወይም በእግር ጣት መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህ የሥራው ጉድለት አይደለም። አረፋው እስኪጠፋ ይደገማል። በመካከል ዕቃው ባዶ ከሆነ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የወጣውን ዘይት መልሶ መጠቀም አይገባም። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በውሃ ይታጠብ፤ የመኪና ቀለም ይልጣልና።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ዘይት ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት የሚጨምር ሰው አለ። የእነዚህ መስመሮች ጎሚኒዎች ለፍሬን ዘይት የተሠሩ ናቸው። የማዕድን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ። ውጤቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ከታየ በኋላ ግን ሁለቱም ፖምፓ፣ የጎማ ቱቦውም ጭምር ይጣላል፤ የብረት ቱቦውም ታጥቦ መጽዳት አለበት። ገዥ ሲመረምር የዕቃውን ክዳን የውስጥ ላስቲክ ያውጣ፤ አብጦ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ መኪናው ውስጥ የተሳሳተ ዘይት ገብቷል ማለት ነው።

ስሌቱ የማይሠራባቸው መኪናዎች

ከላይ ያልነው ሁሉ የታችኛው ፖምፓ ከውጭ በሚታይባቸው መኪናዎች ላይ ነው። ሁሉም ስፖርት መኪና እንዲህ ለጋስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 የተመረተው ፖርሽ 944 ካምቢዮው ከኋላ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በረዥም ቱቦ ውስጥ ባለ ዘንግ ይገናኛሉ። የዘይት መስመሩ ብልሽት ከሆነ ሥራው ይቻላል። ሸራ ለመቀየር ግን ማርሚታው፣ ካምቢዮውና ረዥሙ ቱቦ ሁሉ መነቀል አለባቸው። በተጨማሪም በፋብሪካ የተገጠመው የብዙዎቹ ሸራ ማዕከሉ ላስቲክ ነበር፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ይፈረካከሳል። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ከሥር ድንግግ የሚል ድምፅ ካለ የዘይት መስመሩን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ መኪና ላይ ገዥው ስለ ብልሽቱ ዓይነት እርግጠኛ ሳይሆን ቀብድ መክፈል የለበትም።

ከ1997 እስከ 2004 የተሸጠው ሼቭሮሌ ኮርቬት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የታችኛው ፖምፓ ራሱ ክብ ሆኖ ከኩሽኔታው ጋር በአንድነት ከሞተሩ ጀርባ ተደብቋል፤ ካምቢዮውም እንደ ፖርሹ ከኋላ ነው። የፖምፓዋ ጎሚኒ ስታልቅ የሚወርደው የመኪናው የኋላ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ስለዚህ «ሸራ ነው ወይስ ዘይት?» የሚለው ጥያቄ በኮርቬት ላይ ዋጋ የለውም፤ ሒሳቡ ተቀራራቢ ነው፤ ካምቢዮው አንዴ ከወረደም ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። ነቃ ያሉ ባለቤቶች በየጊዜው ከዕቃው ውስጥ የጠቆረውን ዘይት በሲሪንጅ እየሳቡ አዲስ ይሞላሉ። ኮርቬት የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ካገኘው፣ ፔዳሉ ለጊዜው ቢሠራም፣ የካምቢዮ ማውረጃውን ከዋጋው ላይ ለመቀነስ በቂ ምክንያት አለው።